ለቀለበት ስንት ብር ይውጣ? ባሕር ዳር ላይ ለሚጋቡ የብርና የግራም ስሌት

ባሕር ዳር ውስጥ ቀለበት ብቻውን አይገዛም። ከጎኑ ጥሎሽ አለ፣ የአዳራሽ ቀብድ አለ፣ የኪራይ ቤት አለ፣ ሽማግሌ የሚላክበት ቀን አለ። ስለዚህ «ስንት ላውጣ?» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ቤት ቁጭ ብሎ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ነው። አካሄዱም ይህ ነው፦ መጀመሪያ የማታልፉትን ጣሪያ በብር ወስኑ፤ ከዚያ ብሩን ወደ ግራም ቀይሩ፤ ወርቅ ቤት የምትገቡት ግራሙን ይዛችሁ ነው። «ስልሳ ሺህ ብር አለኝ» ብሎ የገባ ሰው በስልሳ ሺህ የሚሸጥ ነገር አያጣም። «የ18 ካራት፣ ሦስት ግራም፣ ፈርጥ የሌለው» ብሎ የገባ ግን ሦስት ሱቅ ዞሮ ዋጋ ማወዳደር ይችላል።

«የሁለት ወር ደመወዝ» የሚባለውን ልክ እርሱት። የአልማዝ ነጋዴው ደ ቢርስ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ለገበያው ያስነገረው ማስታወቂያ ነው። ደመወዝ ስንት እንደሚገባ እንጂ ስንት እንደሚተርፍ አይናገርም። እኩል ደመወዝ ከሚያገኙ ሁለት ጓደኛሞች አንዱ ወላጆቹ ቤት ይኖራል፤ ሌላው ቀበሌ 14 ተከራይቶ ሁለት ታናናሾቹን ያስተምራል። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ቀለበት መቁረጥ አይቻልም።

መጀመሪያ፦ ቀለበቱ የየትኛው ቀን ነው?

ዋጋ ከማስላት በፊት ሦስት ነገር ይጣራ። አንደኛ፣ አንድ ቀለበት ነው ወይስ ሁለት? አንዳንድ ቤተሰብ በቀለበት ሥነ ሥርዓቱ ቀን የታሰረውን ያንኑ ቀለበት በሰርጉ ቀን ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ያስባርካል። ሌላው ለሰርጉ ሌላ ጥንድ ይጠብቃል። ሁለት ከሆነ ጣሪያው ለሁለት ይከፈላል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ለወንዱም አለ? የወንድ ቀለበት ሰፋ ስለሚል ብዙ ጊዜ ከሴቷ እጥፍ ይመዝናል፤ ወጪውም እንደዚያው። ሦስተኛው ደግሞ ጠብ የሚያመጣው ነው፦ ቀለበቱ ከጥሎሹ ወርቅ ይቆጠራል ወይስ ከጥሎሹ ውጭ ነው? የወንዱ ወገን «ወርቅ አድርገናል» ሲል ቀለበቱን ቆጥሮ ይሆናል። የሴቷ ወገን ደግሞ ሐብልና የጆሮ ጌጥ እየጠበቀ ይሆናል።

ይህን መጀመሪያ ከራሷ ከሙሽሪት ጋር ተነጋገሩ። ድንገት ላስደስታት የሚል ሰው ቀኑን ይደብቅ፤ ዋጋውንና ዓይነቱን ግን ባይደብቅ ይሻላል። ቀጥሎ የቤተሰቧን ልማድ በታላቅ እህቷ ወይም በአክስቷ በኩል ጠይቁ። እናቷን በቀጥታ «ስንት ግራም ትጠብቃላችሁ?» ማለት ነውር ነው፤ መልሱም «እንደ ወደዳችሁ» ስለሚሆን ምንም አይነግራችሁም።

ሽማግሌ ከመሄዱ በፊት ለሽማግሌዎቹ ጣሪያውን በግራም ንገሯቸው። ሽማግሌ በሰው ኪስ ለጋስ ነው፤ ጨዋታው ሲሞቅ «ሐብል ከነመስቀሉ» ብሎ ቃል የሚገባ አይጠፋም። ያ ቃል በኋላ አይመለስም።

ሙስሊም ተጋቢዎች ደግሞ ሁለት ነገር ቀድመው ይለዩ። ቀለበቱ የመህሩ አካል ከሆነ በኒካሕ ቀን በግልጽ ተጠርቶ ይመዝገብ፤ ስጦታ ከሆነም ስጦታ መሆኑ ይታወቅ። ወርቅ ለወንድ ስለማይፈቀድ የእሱ ቀለበት የብር ይሆናል፤ ይህም ከጠቅላላው ወጪ ትልቁን ያቃልላል።

ጣሪያውን ማውጣት

ባንክ ካለው ገንዘብ ጀምሩ። ያልደረሰ ዕቁብ፣ ሊመለስ የታሰበ ብድር፣ «አጎቴ ይረዳኛል» የሚባለው ሁሉ አይቆጠርም። ዕጣው ወጥቶ እጅ የገባ ዕቁብ ይቆጠራል፤ ነገር ግን የሚቀረው የሳምንት ወይም የወር መዋጮ ዕዳ ስለሆነ ከላዩ ይቀነስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የደረሰውን ዕቁብ እንደ ቁጠባ አይቶ ለወርቅ ያውለውና ከሰርጉ በኋላ በአንድ ደመወዝ ቤት ኪራይም ዕቁብም መክፈል ይጀምራል።

ከዚያ ማምለጫ የሌላቸውን ቀንሱ፦ የጥሎሽ ልብስ፣ ቅድሚያ የሚከፈል የቤት ኪራይ፣ አልጋና የወጥ ቤት ዕቃ፣ ከሰርጉ ወጪ የእናንተ ድርሻ። በመጨረሻ የሦስት ወር የቤት ወጪ ለይታችሁ አትንኩት። እንዲህ ይሆናል፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ ናቸው። ቁጠባ 400,000 ብር። የጥሎሽ ልብስ 40,000፤ የሦስት ወር ኪራይ 36,000፤ የቤት ዕቃ 90,000፤ የሰርግ ድርሻ 80,000፤ የሦስት ወር ወጪ 45,000። ድምሩ 291,000 ነው። የሚቀረው 109,000 ብር የወርቅ ሁሉ ጣሪያ ነው፤ የቀለበት ብቻ እንዳይመስላችሁ።

አንድ ሁለተኛ ፈተና ጨምሩበት። ለቀለበቱ የወጣውን ገንዘብ ከደመወዛችሁ ሳይሆን በየወሩ ከምትቆጥቡት በስድስት ወር ውስጥ መተካት መቻል አለባችሁ። በወር 10,000 ብር የሚቆጥብ ሰው ከ60,000 በላይ ቀለበት አይግዛ። ከሁለቱ ፈተናዎች አነስተኛው ቁጥር ይያዝ። ስድስት ወር የእኛ ግምት ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ካለፈ ልጅ ወይም ሕመም ሲመጣ መጀመሪያ የሚሸጠው ያው ቀለበት ይሆናል፤ ሲሸጥ ደግሞ ስንት እንደሚጎድል ከታች ታያላችሁ።

ብሩን ወደ ግራም መቀየር

የወርቅ ዋጋ በሁለት እጀታ ይንቀሳቀሳል፦ በዓለም ገበያ ዋጋና በዶላር ምንዛሪ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሁለተኛው እጀታ በጣም ተሰምቷል። ስለዚህ ጓደኛችሁ ባለፈው ዓመት የገዛበትን ዋጋ እንደ መነሻ አትያዙት።

የዕለቱን ዋጋ ራሳችሁ አውጡ። የዓለም ዋጋ የሚነገረው በአውንስ ነው፤ የወርቅ አውንስ 31.1 ግራም ነው። አውንሱ 4,000 ዶላር፣ ዶላሩ 155 ብር ቢሆን፣ 4,000 ለ31.1 ሲካፈል 128.6 ዶላር፣ በ155 ሲባዛ ወደ 20,000 ብር ይመጣል። ይህ የንጹሑ የ24 ካራት አንድ ግራም ነው። የ21 ካራት ከዚህ 87.5 በመቶው ነው፣ 17,500 ብር። የ18 ካራት 75 በመቶው፣ 15,000 ብር። የምትገዙ ዕለት አውንሱንና ምንዛሪውን በስልካችሁ አይታችሁ ተኩት።

በዚህ ላይ የእጅ ሥራ ይጨመራል። ለግራም 1,500 ብር ብንል የ18 ካራቱ 16,500 ይሆናል፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት ወደ 19,000። እንግዲህ 109,000 ለ19,000 ሲካፈል 5.7 ግራም ገደማ ነው። ሦስት ግራም ለቀለበቷ ቢውል፣ 57,000 ብር፣ የስድስት ወሩንም ፈተና ያልፋል። የሚቀረው 2.7 ግራም ለጥሎሹ ጥንድ የጆሮ ጌጥ ነው። የእሱ ቀለበት ለጊዜው የብር ይሁን። ሐብል የሚጠበቅ ከሆነ ይህ ስሌት ቀድሞ ይነግራችኋል፤ ወይ ከዕቃው ይቀነሳል፣ ወይ ሰርጉ ይጠባል፣ ወይ ቀኑ ይገፋል። በብድር ሐብል መግዛት ግን አማራጭ ብለን አንጽፈውም።

ሦስት ግራም ምን ይመስላል?

የጣቷ ልክ መካከለኛ ከሆነ፣ ማለት የቀለበቱ የውስጥ ስፋት 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ፣ 3 ሚሊ ሜትር ወርድና 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ላዩ ክብ ያለ የ18 ካራት ቀለበት ሦስት ግራም ያህል ይመዝናል። በዚያው ቅርጽ የወንድ፣ 20 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋትና 5 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው፣ እስከ ስድስት ግራም ይሄዳል። ወርዱን ወደ 4 ዝቅ ቢያደርገው አምስት ግራም ገደማ ይሆናል፤ በአንድ ሚሊ ሜትር ወርድ አንድ ግራም ያህል ይተርፋል።

ግራም ለመቆጠብ ወርዱን ቀንሱ እንጂ ውፍረቱን አትንኩ። ከ1.2 ሚሊ ሜትር የሳሳ ቀለበት ባልዲ በተነሣ ቁጥር ይጣመማል፤ ከጊዜ በኋላም ከመዳፍ በኩል ይሰነጠቃል። ሰፊ መስሎ በእጅ ሲይዙት የሚቀል ቀለበት ካጋጠማችሁ ውስጡ ክፍት ነው። ለፎቶ ያምራል። ነገር ግን አንዴ ከተሰረጎደ አይመለስም፣ ልኩንም ማስፋት አይቻልም።

18 ወይስ 21? ሰው 21ን የሚመርጠው ቀለሙ ስለሚደምቅና «ንጹሕ» ስለሚባል ነው። ለሐብልና ለጆሮ ጌጥ ጥሩ ነው፤ በየቀኑ ከጣት ለማይወርድ ቀለበት ግን ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይጫጫራል። አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገርም አለ፤ ወርቁ የበዛበት ድብልቅ ከባድ ስለሆነ ያው ቅርጽ በ18 ሦስት ግራም ከሆነ በ21 ሲሠራ 3.3 ግራም ገደማ ይሆናል። በላይኛው ስሌት የ21 ካራት አንድ ግራም ከነእጅ ሥራውና ከነታክሱ 21,850 ብር ስለሆነ ቀለበቱ ወደ 72,000 ይወጣል። በ57,000 እና በ72,000 መካከል ያለው 15,000 ብር ለዓይን አይታይም። ፈርጥ ያለው ከሆነ ደግሞ ክርክር የለውም፣ 18 ይሁን፤ ፈርጡን የያዙት ትንንሽ ጥፍሮች በ21 ቶሎ ይላላሉ።

ፈርጥ

እዚህ ዋጋ የሚበላሸው በአንድ ምክንያት ነው፦ ቀለበቱ ከነፈርጡ ይመዘንና ድንጋዩም በወርቅ ዋጋ ይሸጣል። «የፈርጡ ክብደት ይቀነስ» በሉ። ሱቅ ላይ በብዛት የሚገኘው ዚርኮን የሚሉት ነጭ ድንጋይ ሰው ሠራሽና ርካሽ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው መሆን አለበት። አልማዝ ነው ከተባላችሁ የምርመራ ሰርተፊኬት ጠይቁ፤ ከሌለ የአልማዝ ዋጋ አትክፈሉ። ቤተ ሙከራ ውስጥ የተሠራ አልማዝም እውነተኛ አልማዝ ነው፤ ግን ከማዕድኑ በእጅጉ ይረክሳል፣ መልሶ ለመሸጥም አስቸጋሪ ነው።

የወሎ ኦፓል የክልላችን ሀብት ነው፤ የደላንታው በቀለሙ በዓለም ይታወቃል። ለሐብል ማንጠልጠያና ለጆሮ ጌጥ እንመክረዋለን። ለቃል ኪዳን ቀለበት ግን አንመክረውም። ጥንካሬው በማዕድን መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፤ መንገድ ላይ ባለው አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ስለሆነ ማበሻ ጨርቁ ላይ ያለው አቧራ እንኳ ይጭረዋል። ከዚህ በላይ ውኃ ይጠጣል። ልብስ ሲታጠብ ቀለሙ ይጠፋና ሲደርቅ ይመለሳል፤ ዘይትና ሳሙና የገባበት እንደሆነ ግን ወደ ቢጫ ሊያደላ ይችላል። ሊጥ ለምታቦካ እጅ የሚሆን ድንጋይ አይደለም።

ወርቅ ቤት ውስጥ

ሦስት ሱቅ በአንድ ቀን ጠይቁ፤ የዛሬውን ከነገ ወዲያው ጋር ማወዳደር አያስኬድም። በሁሉም ቦታ ጥያቄው አንድ ዓይነት ይሁን፦ የግራሙ ዋጋ ስንት ነው? የእጅ ሥራው ውስጡ ነው ወይስ ውጭ? ታክሱስ? መልሳችሁ ስትገዙ በስንት ትቀንሳላችሁ? የመጨረሻውን ጥያቄ ሲሰማ ፊቱ የሚለወጥ ነጋዴ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ማለቱን ዕዩ፤ ቀለበቱ ከክርና ከዋጋ ወረቀቱ ተፈትቶ ይመዘን። በውስጥ በኩል 750 የሚል ማኅተም የ18 ካራት፣ 875 የሚለው የ21 ነው። ማኅተም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ቅብ ላይም ይመታል። ማግኔት ማስጠጋትም ግማሽ ፈተና ነው፤ ብረትን ያጋልጣል፣ መዳብንና ነሐስን ግን አያጋልጥም። የሚያድነው ደረሰኝ ነው፦ ግራሙ፣ ካራቱ፣ የግራሙ ዋጋ፣ የእጅ ሥራው ለየብቻ የተጻፈበት። «አንድ ቀለበት፣ 57,000» የሚል ደረሰኝ ለመልስ ሽያጭም ለክርክርም አይረዳም። «ያለ ደረሰኝ ላሳንስልህ» የሚባለው ቅናሽ የሚከፈለው በኋላ ነው።

«ወርቅ እኮ ቁጠባ ነው፣ ብትጨምርበትም አይጠፋም» የሚል ምክር ከሻጭም ከዘመድም ይመጣል። እናስላው። ለሦስት ግራሙ 57,000 ከፈላችሁ። ውስጡ ያለው ወርቅ 45,000 ያወጣል፤ መልሶ የሚገዛው ሱቅ አሥር በመቶ ቢቀንስ 40,500 ትቀበላላችሁ። በማግስቱ ብትሸጡት 16,500 ብር ቀረ ማለት ነው፤ የእጅ ሥራና ታክስ አይመለሱም። የወርቅ ዋጋ ካልጨመረ በቀር ይህ ቀዳዳ አይደፈንም። ቀለበት የሚገዛው ለቃል ኪዳን ነው፤ ለቁጠባ የሚያስበው ሰው የተለየ ሂሳብ ይክፈት።

የእናት ወይም የአያት ወርቅ ካለ ማስቀለጥ ወጪውን በእጅጉ ይቀንሳል። ከመቅለጡ በፊት ካራቱ ተፈትኖ ይጻፍ፤ ያረጀ ወርቅ ብየዳ ስለሚበዛበት ከታሰበው ካራት ዝቅ ብሎ ይገኛል። ፈርጡ ተነቅሎ ይመዘን፣ ሲቀልጥም አንድ ሰው ቆሞ ይይ። ለብክነት ስንት እንደሚቀነስ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

መቼ?

የሰርግ ወቅቱ ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ እንደገና ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። አንጥረኛው በእነዚህ ሳምንታት ስለሚጨናነቅ ሥራው ይጣደፋል፣ የእጅ ሥራ ዋጋም ላይ መደራደር ይከብዳል። ለጥር ሰርግ ኅዳር ላይ እዘዙ። ቀብድ ስትከፍሉ የግራሙ ዋጋ በዚያ ቀን መቆረጡን በጽሑፍ አስፍሩ፤ ካልተጻፈ ወርቅ ሲጨምር ልዩነቱን እናንተ ትከፍላላችሁ፣ ሲቀንስ ግን ማንም አይጠራችሁም።

የጣት ልክ በክር አይወሰድም፤ ክር ይሳባል። ሱቅ ውስጥ ባሉት የልክ ቀለበቶች ይለካ፤ በድብቅ ከሆነ የግራ እጇን የቀለበት ጣት የሚያክል ሌላ ቀለበቷን ይዛችሁ ሂዱ። ባሕር ዳር ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይሞቃል፤ በሙቀት ጣት ያብጣል። በታኅሣሥ ጧት ልክ የነበረው በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ያንቃል። ስለዚህ ከሰዓት ላይ ለኩ፤ አንጓውን ትንሽ ታግሎ የሚያልፍ ልክ ትክክለኛው ነው። ዙሪያውን በሙሉ በፈርጥ የተሞላ ቀለበት ልኩ ካልሆነ አይስተካከልም፤ ፈርጥ የሌለው ግን አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ይሰፋል፣ ይጠባል።

ከተገዛ በኋላ ሦስት ነገር አይርሱ። ጣና ላይ ዋና ወይም በዘጌ ጀልባ ላይ እጅን ውኃ ውስጥ መንከር ካለ ቀለበቱ ቤት ይቅር፤ ቀዝቃዛ ውኃ ጣትን ያሟሽሻል፣ ሐይቁ ደግሞ ደለል ስለሆነ የወደቀ አይገኝም። በረኪና ሲነካ ይውለቅ፤ ክሎሪን የ18 ካራቱን ድብልቅ ይበላል፣ መጀመሪያ የሚሰበሩትም ፈርጥ የያዙት ጥፍሮች ናቸው። ፈርጥ ያለውን በየስድስት ወሩ ጆሮ አጠገብ አስጠግታችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ ከተንኳኳ ጥፍሩ ላልቷል፣ ፈርጡ ሳይወድቅ ለአንጥረኛ ስጡት።